እንግዳ ሲመጣ የትኛውን ዋይፋይ እንስጥ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር ካቶሊካዊ ቤተሰብ ነን። ቅዳሜ ማታ የመቁጠሪያ ጸሎት እኛ ቤት ስለሚደረግ ከቁምስናችን ብዙ ሰው ይመጣል። አንዳንዴ አባም፣ ሲስተሮችም ይመጣሉ። የባለቤቴ የወንድም ልጅ ደግሞ ከእምድብር መጥቶ እኛ ጋር እየኖረ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ሁሉም ዋይፋይ ይጠይቃል። ያለን አንድ ፓስወርድ ነው፤ አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ሳያውቀው አልቀረም። የ9 እና የ14 ዓመት ልጆች ስላሉኝ መጥፎ ነገር እንዳያዩ እሰጋለሁ። ባለቤቴ ግን እንግዳን ዋይፋይ መከልከል ነውር ነው ይላል። ምን ባደርግ ይሻላል? ደግሞስ በእኛ መስመር ገብተው ምን እንደሚያዩ ማወቅ ይቻላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ባለቤትዎ ያሉት እውነት ነው፤ እንግዳ ተቀብሎ ዋይፋይ መንፈግ አያምርም። የእርስዎም ስጋት ልክ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዚያው መስመር ላይ ሁለተኛ ዋይፋይ መክፈት። ስሙም ፓስወርዱም የተለየ ይሁን፤ ለእንግዳ ብቻ ይዋል። እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል፤ ጓዳ አልገባሁም ብሎ የሚቀየም ግን የለም። የዋይፋዩም ነገር እንዲሁ ነው። ሰውየውን ስላላመኑት አይደለም። ቤቱ ሥርዓት ስላለው ነው።

መጀመሪያ አሁን ያላችሁበት ሁኔታ ምን እንደሚያሰጋ ልንገርዎት። በዚህ ላይ ብዙ የተጋነነ ወሬ አለ።

አንድ ፓስወርድ ለሁሉም ሲሰጥ፣ የገባ ሰው ሁሉ ከቤታችሁ ዕቃዎች ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ይሆናል። ስማርት ቲቪው፣ ፕሪንተሩ፣ የደኅንነት ካሜራው መቅጃ፣ በላፕቶፕዎ ላይ ለጋራ የተከፈተ ፎልደር ካለ እሱም ጭምር ይታየዋል። የካሜራ መቅጃ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ በመጣበት ፓስወርድ ነው የሚቀመጠው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የልጆችዎን መውጫና መግቢያ የሚያሳይ ካሜራ ነው። እንግዳው ራሱ ምንም ክፉ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ስልኩ ላይ ከየትም የጫነው መተግበሪያ ውስጥ ቫይረስ ካለ፣ ቫይረሱ የባለቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም።

የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎች ግን የሚልኩትን መረጃ በምስጢር ቁልፍ አሽገው ነው የሚልኩት። ጎረቤት ዋይፋያችሁ ላይ ስለገባ ብቻ ከሂሳባችሁ ገንዘብ አይወስድም። በዚህ አይሸበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ የራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ቴሌ ያስገባላችሁ ሳጥን፣ መቆጣጠሪያ ገጽ ነው። ፓስወርዱ ካልተቀየረ፣ ዋይፋዩ ላይ ያለ ማንም ሰው ገጹን ከፍቶ ቅንብሩን መለወጥ ይችላል። የቤቱን ሁሉ የኢንተርኔት ጉዞ ወደ ሐሰተኛ አድራሻ እንዲመራ ማድረግም ይችላል።

ሌላም አለ። መስመሩ የተመዘገበው በባለቤትዎ ወይም በእርስዎ ስም ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሥራ ላይ ነው። በመስመራችሁ አንድ ሰው ጥፋት ቢሠራ፣ ፍለጋው መጀመሪያ የሚመራው ወደ ተመዝጋቢው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፓስወርዱን ያውቀዋል ያሉኝን ቀላል ነገር አድርገው እንዳይተዉት የምለምንዎት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ቴሌ ያስገባላችሁን ሳጥን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። አንድ ተለጣፊ ወረቀት አለ። ሞዴሉ፣ የመቆጣጠሪያ ገጹ አድራሻ፣ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ተጽፎበታል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። በዋይፋዩ እንደተገናኙ አድራሻውን ስልክዎ ወይም ላፕቶፕዎ ብራውዘር ላይ ይጻፉት፤ ገጹ ይከፈታል። ከሁሉ በፊት የመቆጣጠሪያውን ፓስወርድ ይቀይሩ። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታዋል። አዲሱን ወረቀት ላይ ጽፈው ከቤት ሰነዶች ጋር ያስቀምጡት። ገጹ አላስገባም ካለ ወይም መቀየሪያው ከተቆለፈ፣ 994 ደውለው ይጠይቁ።

ቀጥሎ «ጌስት ኔትወርክ» የሚል ምርጫ አለው ወይ የሚለውን ይፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብዙዎቹ የቴሌ ሳጥኖች ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የዋይፋይ ስም እንዲፈጥሩ ይፈቅዳሉ። ሰው ስሙን «እንግዳ» ብሎ ይሰይምና ተለያየ ብሎ ያርፋል። ግን የተለየው ስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በስተኋላ ሁለቱም እዚያው አንድ ኔትወርክ ውስጥ ናቸው። ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ስልክዎን በእንግዳው ዋይፋይ ያገናኙና ዩቲዩብ ይክፈቱ። ቪዲዮውን ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው ምልክት ላይ ሲነኩ የሳሎናችሁ ቲቪ ስም ከመጣ፣ አልተለያየም ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ የተለየ ራውተር መግዛት ነው የሚሻለው። መገናኛም ሆነ ቦሌ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ውድ አይፈልጉ። ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ትክክለኛ የእንግዳ ኔትወርክ አለው? ዲኤንኤስ (ለማጣሪያ የሚጠቅም ነው፤ ምንነቱን ከታች እነግርዎታለሁ) መቀየር ይቻላል? ዋይፋዩን በሰዓት መዝጋትና መክፈት ይችላል? ቢቻል በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ደብልዩፒኤ3 የሚባለውን የዋይፋይ ምስጢር መጠበቂያ የሚደግፍ ይሁን፤ ካልሆነ ደብልዩፒኤ2 ይበቃል። ከዚያ በታች ያለውን አይቀበሉ።

ሲያገናኙ ከቴሌው ሳጥን የሚወጣው ገመድ አዲሱ ራውተር ላይ ዋን (WAN) ወይም ኢንተርኔት በሚለው ቀዳዳ ይግባ። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ከዚያ የቴሌውን ሳጥን ዋይፋይ ያጥፉት። ከእንግዲህ ዋይፋይ የሚሰጠው አዲሱ ብቻ ነው። በአዲሱ ላይ አንዱን ለቤተሰብ፣ አንዱን ለእንግዳ ይክፈቱ። በእንግዳው በኩል ሁለት ምርጫዎች ያገኛሉ፤ አንዱ እንግዶች የቤቱን ኔትወርክ እንዲያዩ፣ ሌላው እርስ በርስ እንዲተያዩ የሚፈቅድ ነው። ሁለቱንም ይዝጉ። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። ግን የአንዱ እንግዳ ስልክ የሌላውን እንዳይነካ መጠበቅም የባለቤት ግዴታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የካሜራው መቅጃ ወይም ፕሪንተሩ በገመድ ከአሮጌው ሳጥን ጋር ተገናኝቶ ከቀረ፣ ከእንግዳው ኔትወርክ ሊደረስበት ይችላል። ገመዶቹን ሁሉ ነቅለው ወደ አዲሱ ያዛውሩ።

ቤት ውስጥ የእንግዳ ኔትወርክ የሌለው አሮጌ ራውተር ካለስ? እሱም ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። አብዛኛው ሰው አሮጌውን ለእንግዳ ይሰጥና ከቴሌው ሳጥን ኋላ ይሰካዋል፤ ቤተሰቡ ቴሌው ሳጥን ላይ ይቀራል። ይህ ተገላቢጦሽ ነው። በኋላ የተሰካ ራውተር ላይ ያለ ሰው ከፊቱ ያለውን ኔትወርክ ማየት ይችላል። ከፊት ያለው ግን ወደ ኋላኛው ዘልቆ መግባት አይችልም። ስለዚህ እንግዳው ቴሌው ሳጥን ላይ ይቅር፤ ቤተሰቡ ከኋላ በተሰካው ራውተር ውስጥ ይግባ። የኋላው ራውተር «ራውተር» በሚለው አሠራር ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። «አክሰስ ፖይንት» የሚለው ከተመረጠ መለያየቱ ይጠፋል። የሁለቱ የውስጥ አድራሻም አንድ መሆን የለበትም፤ የፊተኛው በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ የኋላውን 192.168.50 ያድርጉት።

ፓስወርድን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ለቤተሰቡ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት በላቲን ፊደል አያይዘው ይጻፉ። የልጅ የክርስትና ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ «ማርያም» ብሎ 123 መጨመር ይቅር፤ መጀመሪያ የሚሞከሩት እነሱ ናቸው። የእንግዳው ለመጻፍ ቀለል ይበል፤ ግን ከ12 ፊደል አይነስ። ደብልዩፒኤስ የሚባለውን፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወይም አጭር ቁጥር አስገብቶ የሚያገናኘውን ነገር ያጥፉት። ቁጥሩ 8 አሃዝ ስለሆነ አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን ራውተሩ ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጠው ከ11,000 በማይበልጥ ሙከራ ይገኛል። ይህ ድክመት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። የዋይፋዩን ስም መደበቅ፣ የስልኮችን መለያ ቁጥር እየመዘገቡ ማስገባት የሚሉ ምክሮችንም ይሰሙ ይሆናል። አልመክርዎትም። ድካሙ ብዙ፣ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

በዋይፋዩ ስም ላይ የቤተሰብ ስም ወይም የቤት ቁጥር አያድርጉ። የእንግዳውን ፓስወርድ ግን በቃል መንገር ይቅርና በኪውአር ኮድ አትመው ሳሎን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። አንድሮይድ ስልክ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ «ሼር» የሚለውን ሲነኩ ኮዱን ያወጣልዎታል፤ ስክሪንሾት አንስተው ማተሚያ ቤት ይስጡት። እንግዳው በስልኩ ካሜራ አንስቶ ይገባል። መጠየቅ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ ከክፍለ ሀገር የመጡ ትልልቅ ሰዎች። እነሱ ሳያፍሩ ይጠቀማሉ። ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ፤ እንግዳ ተቀባይነት እንዲህ ሲሆን ያምራል። ታዲያ ፓስወርዱን በየጊዜው ይለውጡት፤ ከፋሲካና ከገና በኋላ ብታደርጉት ለማስታወስ ይቀላል። ወረቀቱን ብቻ መቀየር ነው፤ የቤተሰቡ ስልኮች አይነኩም።

አሁን ወደ ማጣሪያው እንምጣ፤ ዋናው ጭንቀትዎ ይኸው ይመስለኛል።

ስልክ አንድ ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት ዲኤንኤስ የሚባለውን አገልግሎት ይጠይቃል፤ አድራሻው የት ነው ብሎ። ራውተሩ ላይ ይህን አገልግሎት ለቤተሰብ ተብሎ በተዘጋጀ ቢተኩት፣ የብልግና ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን አድራሻ አይሰጥም። የክላውድፍሌር የቤተሰብ አገልግሎት 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ነው። ክሊንብራውዚንግ የሚባለው ደግሞ 185.228.168.168 እና 185.228.169.168 ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ሁለተኛው ጠበቅ ይላል፦ የጉግል ፍለጋን ወደ ጥንቁቁ አሠራር ይቀይራል፣ ዩቲዩብንም ያጣራል፣ ቪፒኤን (መስመርን ሸፍኖ ማጣሪያን የሚያልፍ መተግበሪያ) ማግኛ ገጾችንም ይዘጋል። ጥብቅነቱ ግን ለሥራ ቪፒኤን የሚጠቀም እንግዳን ሊያስቸግር ይችላል። ለናንተ ቤት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ራውተሩ ላይ ዲኤንኤስ ወይም ዲኤችሲፒ በሚለው ገጽ ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች ያስገቡና ያስቀምጡ።

ማጣሪያው ለእንግዳም ለቤተሰብም፣ ለአባወራውም ለእማወራዋም እኩል ይሁን። ይህን አጥብቄ እላለሁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2354 የብልግና ምስል የሚሠሩትን፣ የሚነግዱበትንና የሚመለከቱትን ሁሉ ክብር እንደሚጎዳ ያስተምራል። ልጅ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ልጆች ደግሞ የተከለከሉትን ሳይሆን ወላጆቻቸው ለራሳቸው የፈቀዱትን ነው የሚከታተሉት። ለእንግዳም ቢሆን በግልጽ ይነገረው፤ ከኪውአር ኮዱ ሥር «በዚህ ቤት ኢንተርኔት የቤተሰብ ማጣሪያ አለ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ግን እህቴ፣ ማጣሪያው የማይችለውንም ይወቁ። ዲኤንኤስ አንድን ገጽ በሙሉ ይዘጋል እንጂ በቴሌግራም ውስጥ ያለን ቻናል ለይቶ አይዘጋም። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች ክፉ ነገር የሚያገኙት በአብዛኛው በድረ ገጽ አይደለም። በቴሌግራም ግሩፕ፣ በቲክቶክ፣ ጓደኛ በሚልከው ቪዲዮ ነው። በዚያ ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋባቸው ጊዜያት ብዙ ሰው ቪፒኤን ጭኖ ስለለመደ፣ ስልኩ ላይ ቪፒኤን ያለው ሰው ማጣሪያውን አልፎት ይሄዳል። ሞባይል ዳታ ያለውም እንደዚያው። ማጣሪያው ሳያስቡት ከሚመጣ ነገር ይጠብቃል። የ9 ዓመት ልጅ ካርቱን ሲፈልግ ከሚወድቅበት ነገር ይጠብቃል። ሆን ብሎ የሚፈልገውን ግን አይመልስም።

ለ9 ዓመቱ ልጅ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል መተግበሪያ ስልኩ ወይም ታብሌቱ ላይ ይጫኑ። ምን እንደሚጭን እርስዎ ይፈቅዳሉ፤ ስንት ሰዓት እንደሚጠቀም ይወስናሉ። በሞባይል ዳታም ቢሆን አብሮት ይሄዳል።

የ14 ዓመቱ ግን ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜ ማጥበቅ ብቻውን አያዋጣም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር፣ ወላጅ ልጁ የሚያጋጥመውን ሁሉ ሊቆጣጠር እንደማይችል ጽፈዋል፤ ዋናው ልጁ ነፃነቱን በብስለት እንዲጠቀምበት ማገዝ ነው ይላሉ። እኔ የቴክኒክ ሰው ብሆንም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ስለዚህ ራውተሩን ስታስተካክሉ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። ማጣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደማይሠራ እሱም ይስማ። ቢቻል ራሱ ቁጥሮቹን ይጻፍ። የ14 ዓመት ልጅ የቤቱን ኔትወርክ እኔ ነኝ የሠራሁት ሲል ጠባቂው እሱ ይሆናል። የቅዱስ ካርሎ አኩቲስን ነገርም ንገሩት። በ15 ዓመቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ያረፈ፣ ኮምፒውተር የሚወድ፣ ስለ ቅዱስ ቁርባን ተአምራት ድረ ገጽ ያዘጋጀ የሚላኖ ልጅ ነው። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ በ2025 እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን ቅድስናውን አውጀዋል። ጂንስና ስኒከር ለብሶ የሚታይ ቅዱስ ነው፤ ልጅዎ የራሱ ዘመን ሰው መሆኑን ያያል።

ስለ መቁጠሪያው ሰዓት ያልጠየቁኝን ልጨምር። ብዙ ራውተር ዋይፋዩን በተወሰነ ሰዓት እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ቅዳሜ ጸሎቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከሆነ፣ የእንግዳው ዋይፋይ በዚያ ሰዓት በራሱ ይዘጋል፤ ማንንም ስልክህን አስቀምጥ ማለት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ራውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ሰዓት ስለሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት 19:00፣ 2 ሰዓት 20:00 ተብሎ ይገባል። የሰዓት ቀጠናውም ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው ይሁን፤ ዝርዝሩ ላይ አዲስ አበባ ከሌለ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ያው ነው። ሁለተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንድ ራውተር ሰዓቱን ይረሳል፤ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ ዘመኑ 1970 ይመስለዋል። «ሰዓቱን ከኢንተርኔት ውሰድ» የሚለው ካልበራ መዝጊያው በዘፈቀደ ይሠራል። ያብሩት። ቤት ውስጥ ቅዳሴ በቀጥታ ስርጭት የሚከታተሉ አያት ካሉ ደግሞ አይጨነቁ። ቲቪው ያለው በቤተሰቡ ኔትወርክ ላይ ስለሆነ አይቋረጥባቸውም።

ማን በየትኛው ይግባ? የቤቱ ሰው ስልክና ላፕቶፕ፣ ቲቪው፣ ካሜራው፣ ፕሪንተሩ በቤተሰቡ። የቀረው ሁሉ በእንግዳው። የባለቤትዎ የወንድም ልጅ ላይ ግን ሊያስቸግርዎት ይችላል፤ እንግዳ ነው ቢሉት ቅር ሊለው ይችላልና። እኔ ቢሆን በእንግዳው ላይ አደርገዋለሁ፤ ግን አስረድቼው። ስልኩና ላፕቶፑ ግቢ ውስጥ ከስንት ኔትወርክ ጋር ይገናኛሉ፤ ፍላሽ ይዋዋሳል። ምክንያቱ ይኸው ነው። ለእንግዳው ዋይፋይ የፍጥነት ገደብ የምታደርጉ ከሆነም የእሱን ላፕቶፕ ከገደቡ የሚያወጣ ምርጫ ካለ ይጠቀሙበት፤ ለጥናት ነው።

የቤት ሠራተኛ ካለችም የእንግዳው ዋይፋይ ይሰጣት። ብዙ ቤት እንግዳ ለአንድ ምሽት ሲመጣ ይሰጠዋል፤ ዓመቱን ሙሉ አብራ የምትኖር ልጅ ግን ለካርድ ደመወዟን ታወጣለች። በኢሞ እናቷን ማየት ብትችል ለእናንተ የሚጨምረው ወጪ የለም። ሰው ነች፤ የቤታችሁም ሰው ነች።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዎ። እንግዶቹ ምን እንደሚያዩ ማወቅ ይቻላል? በከፊል አዎ። አንዳንድ ራውተር የትኛው ስልክ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘ ስሙን ይመዘግባል። የጻፈውን መልእክት ወይም ያየውን ምስል ግን አያሳይም። እና አድርጉት ወይ? እኔ አታድርጉት እላለሁ። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት መከበር ይደነግጋል። ከሕጉም ባሻገር፣ እናንተ ቤት አባና ሲስተሮች ይመጣሉ። እነሱ ጋር ሰው ስንት ችግሩን በስልክ ይጽፍላቸዋል። አንድ የታመመ ሰው ስለ በሽታው ሊያነብ ይችላል፤ አንዱ ሥራ ሊፈልግ፣ አንዷ ስለ ትዳሯ ምክር ልትፈልግ ትችላለች። ለጸሎት ቤታችሁ የመጣ ሰው መታየቱን ቢያውቅ ተመልሶ አይመጣም። ቢመጣም እንደ በፊቱ አይሆንም። መዝገቡን ያጥፉት። ማጣሪያው ክፉውን ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውየውና የእግዚአብሔር ነው።

ምናልባት ይህን የሚያነብ መስመር የሌለው፣ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ ካለ፦ የስልክ ሆትስፖት ሲያበሩ ፓስወርዱን ለእንግዳ ብለው ይቀይሩ፤ የሚገናኙትን ስልኮች ቁጥር ይገድቡ፤ እንግዳው ሲሄድ ያጥፉት። የእንግዳ ስልክ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ መተግበሪያዎቹን ማደስ ስለሚጀምር ፓኬጅዎ ሳያስቡት ያልቃል።

ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ስልክዎን በእንግዳው ዋይፋይ ያገናኙና ይሞክሩ። ቲቪው አይታይ። የካሜራው መቅጃ አይከፈት። የራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ከተከፈተም በአሮጌው ፓስወርድ አያስገባ። ከዚያ ልጆቹ በሌሉበት አንድ ሊዘጋ የሚገባውን ገጽ ይሞክሩ፤ እምቢ ማለት አለበት። ካላለ ዲኤንኤሱ አልተቀመጠም ወይም ስልክዎ የራሱን «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» እየተጠቀመ ነው።

የመስመር ብልሽት ኖሮ ቴክኒሻን መጥቶ ሳጥኑን «ሪሴት» ካደረገው፣ የቴሌው ሳጥን ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል፤ ያጠፉት ዋይፋይም በአሮጌው ስምና ፓስወርድ ዳግም ይበራል። ጎረቤቶቹ ስልክ ውስጥ ፓስወርዱ ተቀምጦ ስላለ ወዲያው ይገናኛሉ። ቴክኒሻኑ ሳይሄድ ገጹን ከፍተው ያጥፉት።

አሁንም ያላለቀ ነገር ካለ የሳጥኑን ሞዴል ይላኩልኝና የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚነኩ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። የጀርባውን ተለጣፊ ፎቶ አንስተው የሚልኩ ከሆነ ግን ፓስወርዱን በጣትዎ ሸፍነው ያንሱት።